ከመናገሻ እስከ ሰበታ በእግር፦ ሶስት ቀን፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ድንኳን

የዓለም ገናው፦

ሰላም ጓዶች። ቤቴ ዓለም ገና ነው። ጠዋት ደጅ ወጥቼ ፊቴን ስታጠብ ወጨጫ ተራራ ፊት ለፊቴ ተገትሯል። ስድስት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን እወጣሃለሁ» እያልኩት ፊቴን ታጠብኩ። ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ወጣሁት። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር፣ ሶስት ቀን ሁለት ሌሊት፣ ቤታችንን በጀርባችን ተሸክመን። የምትጠይቁትን ጠይቁ፣ መጀመሪያ ግን የሆነውን ላውራ። ይረዝማል፣ ሻይ ቅዱ።

ሱባን፣ ወጨጫ ላይ ያለውን ደን ማለቴ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው በመኪና ነው። በሰበታ በኩል ይገባል፣ ዛፍ ሥር ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ቤቱ ነው። እኛ ደግሞ ተራራው በሁለት መንገድ መሃል መሆኑን አየን። በሰሜን የአምቦ መንገድ፣ በደቡብ የጅማ መንገድ። ታዲያ በአንዱ ገብተን በሌላው ለምን አንወጣም? ከአስኮ በሚኒባስ መናገሻ ከተማ፣ ከዚያ በእግር ሱባ ደን፣ በማግስቱ የተራራው ጫፍ፣ በሶስተኛው ቀን ቁልቁል ሰበታ። ቁጭ ብሎ ለሚያወራው ቀላል ነው።

ከመነሳታችን በፊት ማታ ቦርሳዎቹን ሰፈራችን ካለ እህል ቤት ሚዛን ላይ አወጣናቸው። የኔ 19 ኪሎ፣ የሱ 11። ባለሱቁም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። የኔ ውስጥ ምን ነበር? ከምናለሽ ተራ የገዛሁት ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ቡታጋዝ ከነሲሊንደሩ፣ ድስት፣ ኢንዶሚ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ትርፍ ጫማ፣ ትርፍ ጃኬት፣ ፓወር ባንክ ሁለት፣ መጥረቢያ። አዎ መጥረቢያ፣ አትሳቁ። የሱ ውስጥ ጋቢ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሹራብ፣ አለቀ። ቋንጣ ልይዝ ነበር፣ እሱ ግን የነቢያትን ጾም ይጾማል። ፊቱ ቁጭ ብዬ ቋንጣ ላኝክበት አልፈለግኩም። ስለዚህ ቋንጣውም ቀረ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮም ቀረ። ይሄን የምነግራችሁ ደግ ሰው መሆኔን እንድታውቁ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ከመናገሻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። የውቂያ ሰሞን ስለሆነ መንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር ነው፣ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ፣ ገለባው ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ብርዱም ገና አልነቃም። ያስቸገረን ውሻ ብቻ ነው። የገጠር ውሻ የከተማ ቦርሳ አይወድም መሰለኝ፣ ከየግቢው እየወጣ ይሸኘናል። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሳ ይመስላል፣ ውሻው ይመለሳል። ድንጋይ ግን አላነሳም። እኔ ስሞክረው ቦርሳው በጭንቅላቴ በኩል መጥቶ ሊደፋኝ ነበር። አንድ ግቢ አጠገብ ስናልፍ አንዲት እናት ጠሩን። ጓደኛዬ ኦሮምኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ እኔ ከ«አካም» እና ከ«ገለቶማ» አላልፍም። ቡናው ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ብር ልንሰጥ ብንል ተቆጡን። በመጨረሻ አንድ ፓኬት ስኳር ለልጆቹ ሻይ ብለን ትተን ወጣን። ስኳሩ ከኔ ቦርሳ ነው የወጣው፣ ኪሎ ቀነሰልኝ።

ሱባ የደረስነው አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ስልኬ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ቆጥሯል። መግቢያ ከፈልን፣ በማግስቱ የሚያወጣን የጥበቃ ሰው ያዝን፣ ድንኳን ተከልን። አፄ ምኒልክ ያስተከሏቸው እነዚያ ጥዶች ሥር ቁጭ ብሎ ሽሮ መብላት ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱን ዛፍ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አልከበብነውም። ሌሊት ጅብ ጮኸ። ሲነጋጋ ደግሞ ጉሬዛዎቹ ተነሱ። ድምፃቸውን ለማያውቅ ሰው፣ ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል እንደሚያንኮራፋው አድርጋችሁ አስቡት፣ ያውም ሀያ ሞተር ሳይክል።

ሁለተኛው ቀን ዳገት ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ ነው የምንወጣው። ሙሉ ሸክማችንን ይዘን ወጣን። የጥበቃው ጋሼ እድሜያቸው ከአባቴ አይተናነስም፣ ያደረጉት ኮንጎ ጫማ ነው፣ እጃቸው ላይ ዱላ ብቻ። እኔ ስንት ብር ያወጣሁበት ቡትስ አድርጌ ከኋላቸው እንደ ጋሪ ፈረስ አለከልካለሁ። በየሀያ ደቂቃው ዞር ብለው «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰናል» ይሉኛል። አልደረስንም። መሃል ላይ ሳማ ውስጥ እጄን ከተትኩ፣ እስከ ክርኔ ለበለበኝ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዛፉ እያጠረ መጣ፣ ኮሶው ቀረ፣ አስታ ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ነፋስ። ጫፉ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በምሥራቅ አዲስ አበባ ጭሷን ለብሳ ተኝታለች፣ ፉሪ እዚሁ እግራችን ሥር፣ ራቅ ብሎ የረር፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። እዚያው ልናድር አስበን ነበር፣ ጋሼ «እዚህ አይታደርም» አሉ። ስለዚህ ተሸክመን የወጣነውን ተሸክመን ወረድን። ከዚያ እስከ ድንኳን ቦታችን ድረስ እኔና ጓደኛዬ አንድ ቃል አላወራንም። ሁለቱም ፊት ኮሶ የጠጣ ነበር።

ያን ሌሊት ውርጭ ጣለ። የድንኳኑ ጨርቅ ከውስጥ በረዶ ሠራ፣ ስንነቃ ፊታችን ላይ ረገፈ። ሶስተኛው ቀን ቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት የባሰ ነው፣ ጉልበቴ እስካሁን ደረጃ ሲያይ ይሰድበኛል። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። ሰበታ ገብተን ተጋቢኖ በላን፣ አምቦ ውሃ ጠጣን፣ በሚኒባስ ተለያየን። ይኸው ነው። ምክሬ አንድ ነው፤ አብሯችሁ የሚሄደው ሰው እኩል መሸከሙን አረጋግጡ።

ሸገር በእግር፦

19 ኪሎ ለሁለት ሌሊት? ወንድሜ፣ ሰርግ ነበር እንዴ የምትደግሰው? ያ መጥረቢያ ምን ቆረጠ በመጨረሻ?

የዓለም ገናው፦

ሽንኩርት።

ሱባ ሰፈር፦

እኔ እዚያው አካባቢ ነው ያደግኩት። ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ነገር ላርም።

አንደኛ መጥረቢያ ይዞ ጥብቅ ደን አይገባም። በር ላይ ቦርሳህን ቢፈትሹት ኖሮ ታሪክህ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሁለተኛ ጥዶቹን ምኒልክ አላስተከሏቸውም። ከባሕር ዛፍ ጋር አምታተኸዋል። ባሕር ዛፍ ነው በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው፣ እንጦጦንና አዲስ አበባን የሞላው እሱ ነው። የሱባ ደን ታሪክ ከዚያ አራት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው የሚባለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት። ተራራው ተራቁቶ አይተው ከወፍ ዋሻ፣ ከአንኮበር በኩል ማለት ነው፣ የጥድ ዘር አስመጥተው አስዘሩት እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ለዚህ ነው ሱባን በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ ከተጠበቁት ደኖች አንዱ የሚሉት። ሁለት ሰው የማይከበው ዛፍ በመቶ ዓመት አይመጣም ወንድሜ፣ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም።

የደኑ አወጣጥ ላይ ያልከው ግን ትክክል ነው። ታች ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ። ከፍ ሲል ኮሶ። ጫፍ ላይ አስታ። ዓይኑን ከፍቶ የሚሄድ ሰው ስልክ ሳያይ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደደረሰ በዛፉ ያውቃል።

የዓለም ገናው፦

ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ። የምኒልኩን ነገር ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማሁት። መጥረቢያውን በተመለከተ አፍሬያለሁ።

አረንጓዴ ጃንጥላ፦

ሁለት ሴቶች ነን፣ ሥራ ቦታ ነው የተዋወቅነው፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ከጀመርን ዓመት ሊሆነን ነው ግን እስካሁን የቀን ጉዞ ብቻ ነው፣ እንጦጦ፣ የካ ዋሻ ሚካኤል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ማደር እንፈልጋለን። ጥያቄዬ ሶስት ነው። መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ጅቡ እስከ ድንኳን ይመጣል ወይ? ብርዱስ በስሊፒንግ ባግ ይቻላል ወይስ ጋቢ ይጨመር?

ሱባ ሰፈር፦

እህቴ ስለ ሰላሙ ማንም ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ዋስ አይሁንሽ፣ እኔም ጭምር። ሁኔታው ይቀያየራል፣ የባለፈው ወር ወሬ ለዚህ ወር አይሠራም። ከመነሳታችሁ በፊት ደን ቢሮው ጋ ደውሉ፣ የመስመሩን ሹፌሮች ጠይቁ፣ ስትደርሱም ቀበሌ አሳውቁ። ደህና ነው ካሏችሁም እንደ እነሱ ከመናገሻ በእርሻ ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ በመኪና ሱባ ግቡ፣ ካምፑ ላይ እደሩ፣ ከጥበቃ ሰው ጋር ውጡ። ለመጀመሪያ ማደር በቂ ነው።

ጅብ ይመጣል፣ ግን ሰው ፍለጋ አይደለም። ሽታ ነው የሚያመጣው። ድስቱን ሳታጥቡ ደጅ አታሳድሩ። ጫማም ደጅ አይተውም። ቆዳ ከሆነ አኝኮት ያድራል፣ ጠዋት በካልሲ ትወርጃለሽ።

ነርሷ፦

ብርዱን እኔ ልመልስ። ከአዲስ አበባ 1,000 ሜትር ከፍ ስትይ አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ግድም ይቀንሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እዚህ ከተማ ውስጥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቂያለሽ፣ ከዚያ ላይ ቀንሺ። ግን ሰው የሚረሳው ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከታች መምጣቱን ነው። መሬቱ ሙቀትሽን መጥጦ ያድራል። ስሊፒንግ ባጉ ከሥርሽ ተጨፍልቆ ምንም አይከላከልም። ስስ ስፖንጅ፣ ሰሌን፣ እሱም ከጠፋ ካርቶን አንጥፉ። ካርቶን ቀላል ነው፣ አያሳፍርም። ጋቢ ደረቅ ሆኖ ጥሩ ነው፣ ላብ ወይም ጤዛ ከነካው ግን ጥጥ ስለሆነ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። በሄዳችሁበት ሸሚዝ አትተኙ፣ ደረቅ ቀይሩ።

ስለ ከፍታውም ልጨምር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ስለምንኖር ከቆላ ከሚመጣ ሰው የተሻለ ለምደናል። ቢሆንም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ እልህ አያስፈልግም፣ መውረድ ነው መድኃኒቱ። እና ባለጽሑፉ፣ ተረከዝህ ውሃ ቋጥሮ ነበር? አላነሳኸውም።

የዓለም ገናው፦

ሁለቱም ተረከዝ። በመርፌ አፈንድቼው ባሰብኝ።

ነርሷ፦

አይፈነዳም! ገና ሲቀላ፣ ሲያቃጥልህ፣ እዚያው ቆመህ ጫማህን አውልቀህ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ወንዶች ግን ይሄን ለምን አታደርጉም? «ጓደኛዬ ይቆማል፣ አስቆመዋለሁ» ትላላችሁ፣ ከዚያ ሶስት ቀን ታነክሳላችሁ። የጥፍርህ መጥቆር ደግሞ ጫማህ ልክህ ስለሆነ ነው። ለቁልቁለት ከልክህ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው የሚደረገው።

ሽሮ ፈሰስ፦

እኔ የገረመኝ ሽሮው ነው። እዚያ ላይ ሽሮ በስንት ሰዓት ይበስላል? እኔና ወንድሜ አንድ ጊዜ ሱሉልታ በኩል ወጥተን ምስር ክክ ልናበስል ብለን አንድ ሲሊንደር ጋዝ ጨርሰን ምስሩ ጥርስ ይሰብር ነበር።

ነርሷ፦

ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን የሚፈላው ሙቀቱ ሳይደርስ ነው። 3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ ይንተከተካል፣ አያበስልም። ባቄላና ምስር ለቤት ይሁን። ዱቄት የሆነ ነገር ይሻላል፣ ሽሮ ጥሩ ነው፣ በሶ ደግሞ እሳትም አይፈልግ።

ሰሜን ናፋቂ፦

ይቅርታ ጉዳዩን ላዙር። እኔ ለጥር ሰሜን ተራሮች ልሄድ ነው፣ ከሳንቃበር ጀምሮ ግጭ፣ ጨነቅ፣ አራት ቀን። ሱባ ለልምምድ ይበቃኛል?

ሸገር በእግር፦

ለእግርህ አዎ፣ ለሳንባህ ግማሽ። የሰሜን የመጀመሪያው ካምፕ ሳንቃበር 3,200 ሜትር ግድም ነው፣ ማለትም ወጨጫ ላይ ጫፍ ብለህ የምትጨፍርበት ከፍታ እዚያ መኝታህ ነው። ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ ናቸው። ራስ ደጀን ከ4,500 በላይ። ቢሆንም ጫማህ፣ ቦርሳህ፣ ሆድህ የት የት እንደሚከዳህ ሱባ ላይ ታውቃለህ፣ ቤትህ ቅርብ ሆነህ። ሰሜን ላይ በቅሎ ተከራይተህ ቦርሳህን ትጭናለህ፣ ሱባ ላይ በቅሎው አንተ ነህ።

ባለ 11 ኪሎው፦

ሰላም። ስለ ቦርሳ ከተነሳ አይቀር፣ እኔ «ጓደኛዬ» የተባልኩት ነኝ። የአክስቴ ልጅ ነው ሊንኩን የላከልኝ፣ «ስምህ ጠፍቷል፣ ግባና አንብብ» ብሎ። አንብቤያለሁ። ሁለት ጊዜ።

አንድ በአንድ ልሂድ።

«እኩል መሸከሙን አረጋግጡ» ላልከው። እህል ቤት ሚዛን ላይ ቦርሳዎቻችን ሲወጡ ውሃው ሞልቶ ነበር? አልነበረም። ጠዋት አስኮ ላይ ስድስት ሃይላንድ ውሃ ገዛን፣ እያንዳንዱ አንድ ሊትር። ስድስቱም የማን ቦርሳ ውስጥ ገቡ? «አንተ ጋ ቦታ አለ» ብለህ አንድ በአንድ ስታጎርሰው አልነበረም? አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ይሄ የሶስተኛ ክፍል ትምህርት ነው። 11 እና 6 ስንት ነው? 17። አንተ ደግሞ ስኳሩን ለእማማ ስትሰጥ ቀነሰልህ። ሱባ ስንደርስ የጠጣነው ተሞላ፣ እንደገና እኔው ጋ። ውሃ እየጠጣህ ሸክም አልተሸከመም የሚል ሰው የመጀመሪያህ ነህ።

«ሙሉ ሸክማችንን ይዘን ወጣን» ላልከው። ማን ነው ያለው? ጋሼ ጠዋት «ቦርሳውን እዚህ ተዉት፣ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ውሃና ምሳ ብቻ ያዙ» አሉ። እኔ በአማርኛም በኦሮምኛም እሺ አልኩ። «ጫፉ ላይ ካላደርን ወጣን አይባልም» ያልከው አንተ ነህ። ጋሼ ታች ሳለን ነው «አይታደርም» ያሉህ፣ ጫፉ ላይ አይደለም። ጫፉ ላይ የደገሙት ነው። ይሄን ለምን ቆረጥከው?

ስለ ቋንጣውም። ብላ ብዬህ ነበር። አንተ ነህ «ይደብራል» ብለህ የተውከው፣ ከዚያ ሶስት ቀን ሙሉ ስለ ቋንጣ ያወራኸኝ።

ሌላው ደህና ነው። የጉሬዛውን ነገር ጥሩ አድርገህ ገልጸኸዋል።

ሽሮ ፈሰስ፦

ኧረ ጉድ! ተነቃ!

ሸገር በእግር፦

ባለጽሑፉ ወዴት ሄደ? አረንጓዴ መብራቱ እየታየ ነው እኮ።

አረንጓዴ ጃንጥላ፦

እኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ የጓደኛው ነው። እኛ ሚዛኑን ከውሃ ጋር ነው የምናደርገው።

የዓለም ገናው፦

እሺ። መጥቻለሁ።

ውሃውን በእውነት ረስቼዋለሁ። ዋሽቼ አይደለም፣ ያ 19 ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀርጾ ስለቀረ ነው። ዳገት ላይ ትከሻዬ ሲቆረጥ 19 19 19 እያልኩ ነው የወጣሁት። ፊት ለፊቴ እሱን ሳየው ቦርሳው ትንሽ ነው፣ ይሄዳል፣ እያፏጨ። ያፏጫል እኮ! ያ ነው ያናደደኝ። ውሃ ከጀርባ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ቦርሳውን አያሳብጠውም። የኔ ድንኳንና ትርፍ ጃኬት ናቸው ተራራ አስመስለው የሚያሳዩኝ።

ጫፍ ላይ የማደሩንም አምናለሁ። ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት እያየሁት፣ ስደርስ ፎቶ ተነስቼ ልውረድ? እዚያ ሆኜ ማታ የዓለም ገናን መብራት ማየት ነበር የፈለግኩት፣ የኔ ሰፈር መብራት የትኛው እንደሆነ። ይሄን ለጋሼም ለአንተም ብነግራችሁ ኖሮ ምናልባት እስኪመሽ እንቆይ ነበር። አልተናገርኩም። እናድራለን ብቻ አልኩ።

አንድ የዘለልኩት ሌላም አለ፣ አንተ ስላላነሳኸው እኔ ላንሳው። ውርጭ በጣለ ሌሊት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ጋቢውን አንስቶ ላዬ ላይ ጣለው። ከጫፉ ስንወርድ አላወራንም ብያችኋለሁ። ሲጥለውም አላወራም። ጠዋት ስነሳ እሱ ሹራቡን ለብሶ፣ እግሩን ባዶው ቦርሳ ውስጥ ከቶ ተኝቷል።

ባለ 11 ኪሎው፦

ቦርሳው ውስጥ እግር መክተት ይሞቃል እኮ፣ ሞክሩት።

ነርሷ፦

ትክክል ነው፣ ይሠራል።

ጋሽ ጉዞ፦

ልጆች፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ስልሳዎቹን አልፌያለሁ፣ ተራራ የወጣሁት ግን እናንተ በምትሉት መንገድ አይደለም። በወጣትነታችን ዝቋላ እንወጣ ነበር፣ ለአቦ ንግሥ፣ በጥቅምት 5 ወይም በመጋቢት 5። 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተራራ ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ አለው፣ ገዳሙም እዚያው ነው። ያን ጊዜ ቦርሳ የለም። ስንቅ ነው። በሶ በከረጢት፣ ቆሎ፣ ውሃ በቅል፣ ጋቢ። ያ የ11 ኪሎው ልጅ ያሸከፈው የኛን ስንቅ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ነበረን። ሸክም የአንድ ሰው አልነበረም። ውሃው ከሁሉ ይከብዳል ተብሎ ስለሚታወቅ በየማረፊያው ከሰው ወደ ሰው ይዞር ነበር። ሰው ቆጥሮ አይደለም፣ ቦታ ቆጥሮ ነው፤ እስከዚያ ዋርካ አንተ፣ ከዋርካው እስከ ወንዙ እኔ። ጓደኞቼ አንዱን ሰነፍ ልጅ ለማታለል ወንዙ ሩቅ ሲሆን የሱን ተራ ያደርጉት ነበር። እሱም አወቀብን። ብልጥ ሆኖ ቅሉን ባዶ አድርጎ ይሰጠን ጀመር። መንገድ ላይ እያፈሰሰ!

ባለ 11 ኪሎው፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። እርስዎን ይዘን ብንሄድ ነበር የሚሻለን።

ጋሽ ጉዞ፦

ጉልበቱ ቢኖር እምቢ አልልም ነበር ልጄ።

ሱባ ሰፈር፦

ከአዋቂ ወሬ ላይ ልጅ ሆኜ ልግባና፣ ሃይላንዶቹስ የት ገቡ? ስድስት በሶስት ቀን ስንት ይሆናል። የሱባ ካምፕ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ባዶ ፕላስቲክ ተሞልቶ ጋጋኖ የምግብ ቆሻሻ እየጫረ ሲበላ አይቼ አውቃለሁ።

ባለ 11 ኪሎው፦

ስድስቱን ነው ደጋግመን የሞላነው፣ አዲስ አልገዛንም። ባዶዎቹን አስኮ ሳይሆን ሰበታ ድረስ ይዣቸው ወርጃለሁ። ባዶ ሆነውም እኔው ጋ ነበሩ ማለት ነው፣ ይመዝገብልኝ።

አረንጓዴ ጃንጥላ፦

ስልክስ? ኔትወርክ አለ? እናቴ በየሰዓቱ ካልደወልኩ አትተኛም።

የዓለም ገናው፦

ካምፑ ላይ ይመጣል ይሄዳል። ጫፉ ላይ ሙሉ ነው፣ ከተማ ፊት ለፊትሽ ስለሆነች። ደን ውስጥ ግን የለም። እናትሽን «ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የምደውለው» ብለሽ ቀድመሽ አስለምጃት። ካርታውን ቤት ሆነሽ ስልክሽ ላይ አውርጂ። ሌሊት ስልክሽን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገብተሽ ተኚ፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ የኔ በ60 ተኝቶ በ20 ነው የነቃው። ሁለተኛው ፓወር ባንክ ከዚህ በስተቀር ምንም አልሠራም። በነገራችን ላይ ከክረምት በኋላ ቶሎ አትሂዱ። መስከረም ላይ አደይ አበባው ያምራል ግን ታች ያለው ዋልካ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ጥቅምት አጋማሽ ሲደርቅ ነው ጥሩው።

ሰሜን ናፋቂ፦

እናንተ ሁለታችሁ ግን አሁን ትነጋገራላችሁ? ማለቴ ከዚህ ውጪ።

ባለ 11 ኪሎው፦

አሁን ራሱ ከአጠገቤ ተቀምጧል። ቤቱ ነኝ። እሱ ሳሎን፣ እኔ በረንዳ።

ሽሮ ፈሰስ፦

ታዲያ ለምንድነው እዚህ የምትጻጻፉት??

የዓለም ገናው፦

ምስክር ስላላችሁ።

ሌላ ነገር፣ ልንደግመው ነው። በዚህ ጊዜ የረር፣ አንድ ሌሊት፣ ከጾሙ በኋላ፣ ቋንጣ አለ። ሸገር በእግርና የአክስቱ ልጅም አብረውን ናቸው። አራት ሰው፣ ሁለት ድንኳን። መጥረቢያው ቤት ይቀራል። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ጠይቀናል፣ ሐሙስ ደግመን እንጠይቃለን። መሄድ የሚፈልግ ካለ አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓለም ገና ያው እህል ቤት እንገናኝ፣ ባለሱቁ ሚዛኑን ሊሰጠን ተስማምቷል። ውሃችሁን ሞልታችሁ ኑ።